ቀርቦ የመቀመጥ ጥበብ

የታመመን ሰው የሚጠብቅና የሚያገለግል ሰው በአገራችን ቋንቋ «አስታማሚ» ይባላል። አስታማሚ ማለት በሕሙሙ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ሌሊቱን የሚያነጋ፣ አፉ ሲደርቅ ውሃ የሚያቀምስ፣ ሲገላበጥ ትራሱን የሚያቀና፣ ሲቃዥ «አይዞህ፣ አለሁ» የሚል፣ የሕመሙንም ዘመን ከታማሚው ጋር አብሮ የሚገፋ ሰው ነው። ሥጋው ለታመመ ሰው እንዲህ ያለው ወገን በየዘመኑና በየአገሩ ጨርሶ አልታጣም፤ አእምሮው ለታመመው ግን የመጣለት እጅግ ዘግይቶ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት እርሱ ያገኘው አስታማሚ ሳይሆን ዘበኛ ነበረ፤ ሌሊቱን አብሮት ያደረውም ሰው ሳይሆን ሰንሰለት ነበረ። ዘበኛው እንዴት ወደ አስታማሚነት እንደ ተለወጠ፣ አስታማሚውም ከሕሙሙ ጋር የሚኖረው መቀራረብ ራሱ ፈውስ ሊሆን እንደሚችል በምን መንገድ እንደ ተረዳ፣ ከጥንቱ ጀምረን በተራ እንተርካለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1771 ዓ.ም. ዣን ባፕቲስት ፑሴን የሚባል ቆዳ ፋቂ ዕጢው አብጦ፣ ከፓሪስ ከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ቢሴትር ገባ። ቢሴትር በዚያ ዘመን ሐኪም ቤትም፣ የድኾች መጠጊያም፣ ወህኒም ነበረ፤ ድውዩም ወንበዴውም አእምሮው የታወከውም በአንድ አጥር ውስጥ ይታጐሩበት ነበር። ፑሴን ከሕመሙ ከዳነ በኋላ ወደ ቆዳ ፋቂነቱ አልተመለሰም፤ በዚያው በቢሴትር አገልጋይ ሆኖ ቀረ፤ በ1780ዎቹ አጋማሽ ላይም፣ አይድኑም ተብለው የተተዉት የአእምሮ ሕሙማን በሚኖሩበት ክፍል ላይ ኀላፊ ሆኖ ተሾመ። ይህ ሰው የሕክምና ትምህርት አልተማረም፤ ነገር ግን በዚያው ቤት ታሞ ተኝቶ ስለ ነበረ፣ ከመኝታው ሆኖ የሌላውን ሰው ፊት ቀና ብሎ መጠበቅ ምን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር። ስለዚህም አገልጋዮቹ ሕሙማኑን እንዳይመቱ ከለከለ፤ አገልጋዮቹንም ከሕመማቸው ከዳኑት መካከል ይመርጥ ጀመር፤ መከራውን የቀመሰ ሰው በመከራው ላይ ያለውን ለመምታት እጁ አይፈጥንምና።

በ1793 የፈረንሳይ አብዮት እሳት ገና ሳይበርድ፣ ሐኪሙ ፊሊፕ ፒኔል ወደ ቢሴትር ተሹሞ መጣ። የተማረ ሰው ካልተማረው ለመማር ትሕትና ያስፈልገዋል፤ ፒኔልም ይህ ትሕትና አልጐደለውም። ፑሴን ከሕሙማኑ ጋር ሲነጋገር፣ የተቈጣውን ሲያበርድ፣ የፈራውን ሲያረጋጋ እየተከተለ አየ፤ ያየውንም ጻፈ፤ በ1801 ባሳተመው መጽሐፍም የፑሴንንና የሚስቱን የማርገሪት ዡብሊንን ውለታ አልሸሸገም። ስለ ማርገሪት ካወሳቸው ነገሮች አንዱን እናንሣ። አንድ ጕልማሳ ሕሙም እህል አልቀምስም ብሎ እየከሳ ሄደ፤ ምግብ ይዛ ስትቀርበውም ያስፈራራት ነበር። እርስዋ ግን አልሸሸችም፣ አልተቈጣችምም፤ በፊቱ ዘለል ዘለል አለች፣ ጨፈረች፣ አንድ ሁለት የሚያስቅ ቃል ተናገረች። ሕሙሙም ሳይወድ በግድ ፈገግ አለ፤ በዚያችም ቅጽበት ምግቡን አቀረበችለት፤ እርሱም በላ፤ በዚህም ሕይወቱ ተረፈች። በፈገግታውና በጕርሻው መካከል የነበረችውን ያችን አጭር ጊዜ ለይቶ ማወቅ፣ ኋላ ሊቃውንት በብዙ መጻሕፍት የሚያብራሩት ጥበብ መጀመሪያ ነበረች።

ፒኔል በ1795 ሳልፔትሪየር ወደሚባለው የሴቶች ሐኪም ቤት ተዛወረ፤ በ1797 በቢሴትር የሕሙማኑን ሰንሰለት ያወለቀው እንግዲህ ፑሴን ነው። በኋላ ዘመን የተነሡ ሠዓልያን ሰንሰለቱን ሲያስፈታ አድርገው የሣሉት ሐኪሙን ፒኔልን ስለ ሆነ፣ የቆዳ ፋቂው ስም ለረጅም ጊዜ በጥላ ውስጥ ቀረ። የአስታማሚ ሥራ ዕጣው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

በዚያው ዘመን ከባሕር ማዶ፣ በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ፣ ሌላ ነገር ይበቅል ነበር። በ1790 ሐና ሚልስ የምትባል መበለት በከተማዪቱ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ሳለች፣ የሃይማኖት ማኅበርዋ የኩዌከሮች ምእመናን ሊጠይቋት ቢፈልጉ እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ ብዙም ሳትቈይ ሞተች። ከዚህ ሐዘን የተነሣ ዊልያም ቱክ የሚባል የሻይ ነጋዴ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር መክሮ፣ ገንዘብ አሰባስቦ፣ በ1796 «ሪትሪት» የተባለውን ቤት ከፈተ፤ ትርጓሜውም ከዓለም ሁካታ ገለል ብሎ የሚያርፉበት መጠጊያ እንደ ማለት ነው።

የዊልያም የልጅ ልጅ ሳሙኤል ቱክ በ1813 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነገር ተርኳል። ቁመተ ግዙፍና ጕልበተ ብርቱ የሆነ ሰው በካቴና ታስሮ ወደ ሪትሪት መጣ። ታስሮ የኖረበት ጊዜ ከመርዘሙ የተነሣ፣ ካቴናው ሳይፈታ መልበስና ማውለቅ እንዲቻል ልብሱ በየመገጣጠሚያው በክር የሚታሰርና የሚፈታ ሆኖ ተሰፍቶ ነበር፤ ከዚህ ልብስ የበለጠ ስለዚያ ዘመን የሚመሰክር ጽሑፍ ያለ አይመስለንም። ይህ ሰው ሪትሪት እንደ ደረሰ ካቴናው ወለቀለት፤ የቤቱ ኀላፊዎች እራት ወደሚበሉበት ክፍል አስገቡትና ከማዕዱ እንዲቀርብ ጋበዙት፤ እርሱም ቀርቦ በጨዋ ደንብ በላ። ከዚያም በኋላ ሕመሙ እየተነሣ የሚጮህበትና የሚዝትበት ጊዜ አልቀረም፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ኀላፊው ወደ ክፍሉ ሄዶ ዝም ብሎ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ቍጣው ሲበርድ ሕሙሙ ራሱ ጆሮውን ሰጥቶ ያደምጠዋል። አራት ወር ያህል ቈይቶም ድኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከካቴናው ይልቅ የበረታው፣ በወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ዝምተኛ ሰው ነበር።

ነገር ግን መልካም ጅማሬ ሁሉ መልካም ፍጻሜ አያገኝም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝም በአሜሪካም ታላላቅ የአእምሮ ሕሙማን ቤቶች ተሠሩ፤ ሕሙማኑ በመቶ፣ ኋላም በሺህ የሚቈጠሩ ሆኑ፤ በጥቂት ሰዎች መካከል ተችሎ የነበረው መተዋወቅ በብዛት ውስጥ ጠፋ። አገልጋዩ ቍልፍ ያዥ፣ ልብስ ቈጣሪ፣ በር ዘጊ ሆነ። ይህን ለማረም የተደረገ ጥረት ግን ነበረ፤ በ1882 በማሳቹሴትስ ግዛት በማክሊን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን ነርሶች የሚሆን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1885 ደግሞ በእንግሊዝ አገር የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለአገልጋዮች የሚሆን የመማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። እንዲህም ሆኖ ነርሷ የምትማረው ገላ ማጠብን፣ መመገብን፣ ሕሙሙ ራሱን እንዳይጐዳ መጠበቅን ነበር፤ ከሕሙሙ ጋር ምን ብላ እንደምትነጋገር ግን የሚያስተምራት አልነበረም። ንግግር የሐኪሙ ርስት ነው ተብሎ ይታሰብ ነበርና።

ይህን አጥር የደፈረችው ሴት ሂልደጋርድ ፔፕላው ትባላለች። በ1909 በፔንሲልቬንያ ግዛት በሬዲንግ ከተማ ከስደተኛ ወላጆች ተወለደች። በ1918 የኅዳር በሽታ ብለን የምናስታውሰው ያ የዓለም ወረርሽኝ የእነርሱንም ከተማ አላለፈም፤ የዘጠኝ ዓመቷ ሕፃን ትኵሳት አእምሮአቸውን ያሳታቸው ሰዎች ሲቃዡ አየች፤ ሞት በየቤቱ ሲገባ ቤተሰብ እንዴት እንደሚታወክም አስተዋለች። ሕመም ሥጋን ብቻ የሚነካ ነገር እንዳልሆነ በዚያ ዕድሜዋ ዐይኗ መሰከረላት። በ1931 ከፖትስታውን የነርሶች ትምህርት ቤት ተመረቀች፤ በቤኒንግተን ኮሌጅም እየሠራች ተማረች፤ በ1943 በሥነ ልቡና ትምህርት ዲግሪዋን ተቀበለች።

በቤኒንግተን ሳለች ወደ ሜሪላንድ ግዛት፣ ቼስትነት ሎጅ ወደሚባለው የአእምሮ ሐኪም ቤት ለትምህርት ትሄድ ነበር። በዚያ ቤት ከናዚዎች ሸሽታ የመጣችው ጀርመናዊት ሐኪም ፍሪዳ ፍሮም ራይኽማን፣ ሌሎች ተስፋ የቈረጡባቸውን ሕሙማን በብዙ ትዕግሥት ታነጋግር ነበር፤ የአእምሮ ሐኪሙ የሐሪ ስታክ ሰሊቫንም ትምህርት በዚያ ይሰጥ ነበር። ሰሊቫን የሚያስተምረው፣ የሰው ሕመም ከሰው ጋር ባለው ግንኙነት ውስጥ እንደሚበቅል፣ መዳኑም በዚያው በግንኙነት ውስጥ እንደሚገኝ፣ የሚያክመውም ሰው ከሩቅ ቆሞ የሚመለከት ሳይሆን ራሱ የነገሩ ተካፋይ የሆነ ተመልካች መሆኑን ነው። ፔፕላው ይህን ስትሰማ አንድ ጥያቄ በልቧ ተተከለ፤ ሐኪሙ ከሕሙሙ ጋር የሚቀመጠው በቀን አንዲት ሰዓት ከሆነ፣ የቀሩትን ሃያ ሦስት ሰዓታት ከእርሱ ጋር የሚያሳልፈው ማን ነው?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር ሠራዊት ነርስ ሆና ወደ እንግሊዝ አገር ሄደች፤ ጦርነቱ መንፈሳቸውን የሰበራቸውን ወታደሮች በሚያክመው በ312ኛው ሆስፒታልም አገለገለች። ከጦርነቱ በኋላ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማረች፣ አስተማረችም፤ በ1948ም መጽሐፏን ጽፋ ጨረሰች። ነገር ግን ሐኪም አብሮ ሳይጽፈው ነርስ ብቻዋን መጽሐፍ ማውጣቷ ለዘመኑ እንግዳ ነገር ስለ ነበረ፣ መጽሐፉ አራት ዓመት ዘግይቶ በ1952 ታተመ። አርእስቱም በነርስነት ሥራ ውስጥ ስላለ የሰው ለሰው ግንኙነት የሚናገር ነበር።

የመጽሐፉ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ነርስና ሕሙም ሲገናኙ መጀመሪያ እንግዳና እንግዳ ናቸው፤ ስለዚህ ነርሷ ለእንግዳ የሚገባውን ክብር ትሰጠዋለች እንጂ አውቅልሃለሁ ብላ አትገባም። መተዋወቂያው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። በሁለተኛው ሕሙሙ ይህች ሴት ልትረዳኝ ትችላለች ብሎ ማመን ይጀምራል። በሦስተኛው ያገኘውን ርዳታ ሁሉ ለጥቅሙ ያውለዋል፤ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሕፃን ይጠጋል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ራሴን ችያለሁ ብሎ ይገፋል፤ ነርሷም ሁለቱንም በትዕግሥት ትቀበላለች። በአራተኛው ግን ይለያያሉ። የዚህ ትምህርት ልዩ ምሥጢር በዚህ በመጨረሻው ላይ ያለ ይመስለናል፤ ወዳጅነት ሳይቋረጥ እንዲኖር እንመኛለን፣ ይህ ግንኙነት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ስንብቱ የሚጓዝ ነው፤ ሕሙሙ ያለ ነርሷ መቆም የቻለ ዕለት ሥራዋ ተፈጸመ ይባላል። ስለዚህ በርኅራኄ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ሥርዓትና ልክ ያለው ሙያ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ እንመልከት። ነርሷ ወደ ሕሙሙ ትቀርብና ስሟን ትነግረዋለች፤ «ማክሰኞና ሐሙስ በአራት ሰዓት እየመጣሁ ለግማሽ ሰዓት ከእርስዎ ጋር እቀመጣለሁ፤ ጊዜው የእርስዎ ነው» ትለዋለች። ማክሰኞ ትመጣለች፤ እርሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም ይላል። ዝምታውን በወሬ አትሞላውም፤ ጊዜው እስኪያልቅ ተቀምጣ፣ «ሐሙስ እመለሳለሁ» ብላ ትነሣለች። ሐሙስም በሰዓቱ ትገኛለች። ቃሏን በመጠበቅዋ፣ የሰው ቃል የማይታመንበት በሆነው በሕሙሙ ዓለም ውስጥ አንድ የሚታመን ነገር ይገባል። መናገር ሲጀምርም «ይህ ልክ አይደለም» እያለች አትከራከረውም፤ «መቼ ነበር? ማን ነበረ? ከዚያስ ምን ሆነ?» እያለች የሆነውን በቅደም ተከተል እንዲያወጣው ትረዳዋለች። ፔፕላው ለቃል እጅግ ትጠነቀቅ ነበር፤ ነርሶች ከልማድ የተነሣ «ምሳችንን እንብላ፣ መድኃኒታችንን እንውሰድ» ሲሉ ትገሥጽ ነበር፤ እኔና አንተ የሚለው ድንበር ለጠፋበት ሰው «እኛ» የሚለው ቃል ድንበሩን ይብስ ያደበዝዝበታልና። ተማሪዎቿም ከሕሙማን ጋር የተነጋገሩትን ቃል በቃል እየጻፉ ያቀርቡላት ነበር፤ እርስዋም እያንዳንዱን መስመር እያነበበች፣ «እዚህ ላይ ነገሩን ለምን ቀየርሽው? አንቺ ራስሽ ምን ፈርተሽ ነበር?» ወደሚል ምርመራ ትወስዳቸዋለች። የሰው ጭንቀት ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚጋባ ታስተምር ስለ ነበረ፣ ነርሷ የሕሙሙን ልብ ከማወቋ በፊት የራሷን ልብ እንድታውቅ ትጠይቅ ነበር።

መጽሐፉ በታተመበት በ1952 በዚያው በቼስትነት ሎጅ ግዌን ቱዶር የተባለች ነርስ ሌላ የሚያስገርም ነገር ጻፈች። ራሳቸውን ከሰው ያገለሉ ሕሙማንን በጥሞና ስትመለከት፣ መገለሉ የእነርሱ ብቻ እንዳልሆነ አስተዋለች፤ ሕሙሙ ሰው አልፈልግም ሲል ሠራተኞቹም ሳይታወቃቸው ይሸሹታል፤ እነርሱ ሲሸሹት እርሱ የባሰ ይሸሻል። እንዲህ እየተሸሻሹ በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ፤ ሁሉም «እርሱ ብቻውን መሆን ይወዳል» ይላሉ። ቱዶር ግን ሽሽቱን ከራሷ ወገን አቁማ መቅረብ ጀመረች፤ ያን ጊዜ የሕሙሙም ጠባይ፣ የባልንጀሮቿም ጠባይ ይለወጥ ጀመር።

በዚያው ዓመት በፓሪስ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ጀመረ፤ በ1954ም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1955 በአሜሪካ የመንግሥት የአእምሮ ሐኪም ቤቶች ውስጥ ወደ 559,000 የሚጠጉ ሕሙማን ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ እየቀነሰ ሄደ። መድኃኒቱ የሚጮኸውን አረጋጋ፣ የማይተኛውንም አስተኛ፤ እንግዲህ ቀርቦ መቀመጥ ምን ያደርጋል የሚል አሳብም ተነሣ። ፔፕላው ግን በ1954 ወደ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ፣ ለአእምሮ ሕሙማን የሚሆኑ ነርሶችን በከፍተኛ ትምህርት የሚያሠለጥን መርሐ ግብር መሠረተች፤ በየበጋውም ወደ ልዩ ልዩ ግዛቶች እየተጓዘች በመንግሥት ሐኪም ቤቶች ያሉትን ነርሶች ታስተምር ነበር። መድኃኒት የሚያረጋጋውን ሰው ከተረጋጋ በኋላ የሚያነጋግረው ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱንስ ቢሆን ከማያምነው ሰው እጅ ማን ይቀበላል?

ከፔፕላው በኋላ የተነሡት ነርሶችም ይህንኑ ዘር አበዙት። በ1966 ጆይስ ትራቨልቢ ባሳተመችው መጽሐፍ «ነርስ» እና «ሕሙም» የሚሉት ስሞች ራሳቸው መጋረጃ ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ እውነተኛው ግንኙነት መጋረጃው ሲገለጥ በሰውና በሰው መካከል እንደሚሆን ጻፈች። ከቪየና ሸሽታ ወደ እንግሊዝ የገባችው አኒ አልትሹልም በ1972 ባወጣችው ጥናት በስኮትላንድ ነርሶችና ሕሙማን እንዴት እንደሚገናኙ ዘርዝራ መረመረች፤ ሕሙማኑ ግንኙነቱ እንደ ጠቀማቸው ሲናገሩ፣ ነርሶቹ ግን የሚያደርጉትን በምን ትምህርት ላይ ተመሥርተው እንደሚያደርጉት መግለጽ አለመቻላቸውን አሳየች። እንግዲህ በጎ ልብ ነበረ፤ ለበጎው ልብ መሪ የሚሆነው ትምህርት ግን ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ፔፕላው በ1999 ስታርፍ ዘጠና ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ብቻ ቀርቷት ነበር።

የዚህ ታሪክ አንዱ ጅረት ወደ እኛም አገር ደርሷል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ የአእምሮ ሕሙማን ዋና ማረፊያ ሆኖ ኖረ። የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1987 በዓለም የጤና ድርጅት ርዳታ በዚያው በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ የሠለጠኑትም ነርሶች በየክፍላተ አገሩ ወዳሉት ሆስፒታሎች ሄደው የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችን በራሳቸው ያካሂዱ ጀመር። በፔፕላው አገር ነርሷ ለመነጋገር ፈቃድ መለመን ነበረባት፤ በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ ከእርስዋ በቀር የሚያነጋግር አልነበረም። ከሩቅ ገጠር ልጁን አስሮ ያመጣ አባት፣ ጠበል ተመላልሶ የደከመ ቤተሰብ፣ በደጃፉ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያገኘው ፊት የነርሷ ፊት ነው። ልጁን ቀና ብላ አይታ በስሙ የጠራችው እንደ ሆነ፣ ገመዱ ከመፈታቱ በፊት አንድ ነገር ተፈትቷል።

አማኑኤል ማለት አምላክ ከእኛ ጋር ማለት ነው። የሆስፒታሉን ስም ማን እንዳወጣለት አንመረምርም፤ ነገር ግን ከቢሴትር ጀምሮ የተረክነው ታሪክ ሁሉ በዚያች «ጋር» በምትለው ታናሽ ቃል ውስጥ ይጠቃለላል። ማርገሪት ከሕሙሙ ጋር ሳቀች፤ የሪትሪቱ ኀላፊ ከሕሙሙ ጋር ዝም አለ፤ የፔፕላው ተማሪ በቀጠሮዋ መጥታ ከሕሙሙ ጋር ተቀመጠች። ቀድሞ በሕሙሙ ላይ ይሾሙ የነበሩ ሰዎች ከሕሙሙ ጋር መሆንን እስኪማሩ ድረስ ሁለት መቶ ዓመት ፈጀ። ትምህርቱም አላለቀም፤ ዛሬም ማክሰኞ በአራት ሰዓት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ አንድ ሰው አጠገብ ባዶ ወንበር አለ።